ከሲጋራ መያዣው ላይ የቆረጥኩት ክር

ሰኞ

ዛሬም ስትወለወል ደረስኩ። ታደሰ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያቺን የሩሲያ የሲጋራ መያዣ ይጠርጋል። ባሌ ሲጋራ ካቆመ ቆይቷል፤ እሷን ግን አላቆማትም። ሌኒንግራድ ሲማር ፕሮፌሰሩ የሰጡት ናት ይላል። በንጉሣቸው ዘመን የተሠራች፣ ብሯ በወርቅ የተለበጠ፣ መክፈቻዋ ላይ ቀይ ድንጋይ ያላት። እኔን በዚያ ዓይን ካየኝ ቆየ።

ማክሰኞ

እሱ ሥራ ሲሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ያዝኳት። በጎኗ ቀዳዳ የገባ ክር አለ። ማተብ ነው። ሩሲያዎቹም እንደኛ ሕፃን ሲያስጠምቁ አንገቱ ላይ ያስራሉ። ፕሮፌሰር ለተማሪው ማተብ ይሰጣል? ሴት ናት የሰጠችው። ምናልባትም ልጅ አለ። ስም ሳይቀር አወጣሁላት፤ ናታሻ። ቅናት አንገበገበኝ።

ረቡዕ

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሊፍት ውስጥ «ምነው ከሳሽ?» አሉኝ። «ዳየት ጀምሬ ነው» አልኳቸው። ቤት ገብቼ ክሩን ከሥሩ ቆረጥኩትና በቆሻሻ መጣያው ቱቦ ቁልቁል ለቀቅኩት። ማተብ መበጠስ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። የናታሻ ከሆነ ግን እግዜርም ይረዳኛል።

ሐሙስ

አየው። ባዶውን ቀዳዳ በጣቱ ዳሰሰ። «ማጠፊያዋ ላልቷል፣ ለቅዳሜ አንጥረኛ ጋ ቡክ አድርጌያለሁ» አለ። አንጥረኛው እንደኛው አገሩን ጥሎ እዚህ የመጣ ሩሲያዊ ነው። እኔም እመጣለሁ አልኩ። ቋንቋቸው ባይገባኝም ፊታቸውን አያለሁ።

ቅዳሜ

ሽማግሌው አንጥረኛ ገና እንዳያት «ክሩስ?» አለ በእንግሊዝኛ። ሲጋራ መለኮሻ ነው ለካ። ጫፉ እሳት ይዞ ይጤሳል እንጂ አይነድም፣ ነፋስም አያጠፋውም። ከነክሯ የምትገኝ ብርቅ ናት፣ ማን ነካት ብሎ ተቆጣ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ።

ታደሰ «እኔ ነኝ። አርጅቶ ሲበጣጠስ ቆርጬ ጣልኩት» አለ። ሽማግሌው በሩሲያኛ ወረደበት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ትራም ላይ እጁን ያዝኩት። «ምን መስሎሽ ነው?» አለኝ።

«ማተብ።»

እስከ ሰፈራችን ኮሊንግዉድ ድረስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። ሸፈነልኝ፣ ለእኔ ብሎ ተሰደበ።

እሱ አሁን ሻወር ውስጥ ሆኖ ያፏጫል። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ያዘኝ። ከተጋባን ጀምሮ ታደሰ መዋሸት አይችልም እያልኩ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «አርጅቶ ሲበጣጠስ» የምትለዋን ሳይቀር ጨምሮ ዋሸ። ባላውቅ ኖሮ እኔ ራሴ አምነው ነበር።

እንዲህ ከቻለበት፣ እኚያ ፕሮፌሰር እውነት ፕሮፌሰር ነበሩ?