የማር ቀለም የነበረው ግድግዳ

ዛሬ ዓርብ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፯ ዓመተ ምሕረት፣ ከሲያትል በስተደቡብ ቡሪየን በሚገኘው ቤቴ፣ ወደ ጓሮ በሚያየው መኝታ ክፍል ተጋድሜ፣ እኔ ሀይለየሱስ ተድላ የመጨረሻ ቃሌን በምስክሮች ፊት እሰጣለሁ። ሰውነቴ ደክሟል፤ ሳንባዬም ከተጣላኝ ከርሟል። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። የሚጠራጠር ካለ አሁኑኑ ይጠይቀኝ። አገር ቤት ሳለሁ ጎልማሳነቴ ያለቀው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሰው ኑዛዜ ስገለብጥ ነው፤ የአባቱ ለቅሶ ሳያበቃ «ቃዥተው ነበር» ብሎ የሚከስ ወራሽ ብዙ አይቻለሁ።

ጸሐፊዬ የክርስትና ልጄ ዓምደ ሚካኤል ነው። የተናገርሁትን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። ባስል «አሳላቸው» ይበል፤ ሰው ቢያቋርጠኝ ያቋረጠኝን ሰው ቃል ይጻፍ። እየተመረጠ የተጻፈ ኑዛዜ ለጠበቃ እንጂ ለወራሽ አይጠቅምም። ምስክሮቼ ጎረቤቴ አቶ ከማልና የሟች ባለቤቴ የሥራዬ ወዳጅ የነበሩት ወይዘሮ ማንአልሞሽ ናቸው። ሥራዬ ያረፈችው አምና በጥር ነው።

ወራሾቼ ሁለት ናቸው። ልጄ ሩሐማ እግርጌ ተቀምጣለች። ልጄ ዮናታን ገና አልመጣም። ያለው ጓሮ ውስጥ፣ በመኪና በምትጎተተው አሮጌ የሽርሽር ቤት፣ እኛ በአጭሩ ተጎታቿ በምንላት ውስጥ ነው። ከአልጋዬ ሆኜ በመስኮት አያታለሁ። ጮክ ብዬ ብጠራው ይሰማኝ ነበር፤ ድምፅ ግን የለኝም። ስለዚህ ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ፦ ሁለቱ ልጆቼ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይህን ቃል ሳይሰሙ፣ ዮናታንም በዚያ በር ሲገባ ሳላይ አልፈርምም።

(ወይዘሮ ሩሐማ፦ «አባዬ፣ ኮል አድርጌለታለሁ እኮ፤ አያነሳም። ሶ፣ እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው?»)

እስኪመጣ። ለምን እንዳልመጣም ይጻፍ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሩሐማ የአረጋውያን መጦሪያ እንድገባ ፈለገች፤ ዮናታን «እኔ አስታምመዋለሁ» አለ። እሷም «ሥራ ስላጣህ ነው አስታማሚ የሆንከው» አለችው። ይህን ያለችው እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ ነው። እሱ ብርድ ልብሱን በጉያው ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጎታቿ ውስጥ ያድራል። ሁለቱም እኔን ስለወደዱ ነው የተጣሉት። ይህን ባውቅም አልተጽናናሁም።

ወደ ንብረቱ ልመለስ። ቤቱ ለሁለቱም እኩል ይሁን፤ ሙት ዓመቴ ሳይወጣ አይሸጥ። መጻሕፍቴን ለማን እንደምሰጥ ኋላ እናገራለሁ። ምስክር አይወርስምና አቶ ከማል ከእኔ ምንም አያገኝም፤ ጋራዡ ውስጥ ያለው የቆርቆሮ መቀስ ግን ድሮም የራሱ ነው፤ ይውሰድ።

(አቶ ከማል፦ «ወላሂ፣ እኔ እኮ ጠፋ ብዬ ሌላ ገዝቻለሁ ጋሼ።»)

እንግዲህ ሁለት አለህ።

ተጎታቿን በሚመለከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 የተሠራች ናት። በዚያው አቆጣጠር በ2006፣ ሌክ ሲቲ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ከአንዲት ባል የሞተባቸው አሜሪካዊት ግቢ፣ ዛፍ ሥር ሽበት አብቅላ፣ ማለት ጣሪያዋ አረንጓዴ ለብሶ አገኘኋት። ሥራዬ ስታያት «ይህን ሬሳ የት ልትቀብረው ነው?» አለችኝ። ዮናታን ግን ገብቶ ግድግዳዋን ዳሰሰ። አዳሰሱን ወደድሁለት።

ስንጠግናት አንድ ሕግ ነበረን፦ የበሰበሰውን እናወጣለን፤ ያረጀውን እንተዋለን። ዮናታን በመዶሻው እጀታ ወለሉን እያንኳኳ ይሄዳል፤ እኔ አዳምጣለሁ። ጤነኛው እንጨት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁን ይውጣል። የዋጠውን ሁሉ ነቅለን በአዲስ ተካን። ያረጀውን ግን ማንም አልነካውም። የአልሙኒየም ቆዳዋ በረዶ የጎደጎደው፣ እንደ ድሮ የብር ሳንቲም የፈዘዘ ነው። ሩሐማ «ፖሊሽ አድርጉት፣ መስተዋት ይሁን» ብላ ነበር። መስተዋት ያምርሻል እንዴ ልጄ? መስተዋት የሚያሳይሽ የዛሬን ፊትሽን ብቻ ነው። የውስጥ ግድግዳዋ ስስ እንጨት ነው፤ አዲስ ሳለ ነጣ ያለ እንደነበር ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ብርሃን ካልደረሰበት ቦታ ታይቷል። ሌላው ግን ማር ሆኗል። ያን ቀለም ቀቢ አልቀባውም። የሃምሳ ዓመት ፀሐይ ነው የሠራው። እኔም ፊቴን እያየሁ መናደድ የተውሁት እዚያ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

በቁም ሳጥኑ በር ላይ የማናውቃቸው የአሜሪካ ልጆች ቁመት በእርሳስ ተሠምሯል። ሥራዬ አንድ እሑድ ሁለቱን ልጆቿን፣ ያውም ጎልማሶቹን፣ እዚያ በር ላይ አቁማ ቁመታቸውን አሠመረች። ሩሐማ በሣቅ መቆም አቅቷት ነበር። ያ በር ለሩሐማ ይሁን። ግን ከተጎታቿ አይነቀል። ማየት ስትፈልግ ሄዳ ታንኳኳ።

(ወይዘሮ ሩሐማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።)

የቀረው፣ ተጎታቿ ራሷ፣ ለዮናታን ነው። በመገጣጠሚያዋ ሁሉ ማስቲሽ ሞልተናል፤ የበሩን ጎማ ቀይረናል፤ ዝናብ ያስገባ የነበረውን የጣሪያ መተንፈሻ ደፍነናል። ዛሬ በሯ ሲዘጋ ከአጠገባችን ማረፊያ የሚነሡት አውሮፕላኖች ጩኸት እንኳ ይቀንሳል። ዝናብ አይገባም፤ ንፋስም አይገባም። የፊተኛውን ጎባጣ መስታወት አራት ዓመት ፈልጌ ነው ከብረት ማከማቻ ያገኘሁት፤ እሱ ላይ ማንም እጁን እንዳያሳርፍ። በጣሪያዋ ላይ ያለችውን የጭስ መውጫም እንዳትነኩ። አምና በመጋቢት ወፍ ጎጆ ሠራችበት። ሩሐማ «ይውጣ» ስትል እኔ ነኝ ያስተውኋት። ሥራዬን ከቀበርን ወር አልፎ ነበር፤ በዚህ ግቢ ከዚያች ወፍ በቀር ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም። አሮጌ ነገር እንግዳ ሲቀበል ደስ ይላል።

(አሳላቸው።)

ዮናታን አልመጣም? መብራቱ እኮ በቀን በርቷል። መስታወቱም አልቦታል።

(አቶ ከማል፦ «ጠዋት መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ አይቼዋለሁ ጋሼ። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ያስመልስ ነበር። ራሱን ይዞ፣ ‹ጉንፋን ነው፣ ተመልሼ ልተኛ› አለኝ።»)

(ወይዘሮ ማንአልሞሽ፦ «ትናንትም ራሴን እያለ ነበር። የኅዳር በሽታ ነዋ! ዛሬ እኮ አገራችን ብንሆን ኅዳር ሲታጠን ነው። ደጁን አጥነን በሽታውን እናባርር ነበር።»)

እዚህ አገር ደጅዎ ላይ ጥራጊ ቢያቃጥሉ ከበሽታው በፊት የእሳት አደጋ መኪና ነው የሚመጣው ወይዘሮ ማንአልሞሽ። ይተኛ እንግዲህ፤ ሲነቃ ይመጣል። እስከዚያ ልቀጥል።

የጋዝ ማሞቂያዋንም በሚመለከት። ከተጎታቿ ጋር የተወለደች፣ ሰማያዊ ሸክላ ቅብ ያላት ትንሽ ማሞቂያ ናት። ዮናታን ዘንድሮ አዲስ ላስገባ ሲል ከለከልሁት፤ «ሃምሳ ዓመት ያሞቀች አንተን ታቃጥልሃለች?» አልሁት። ሰማኝ። አባቱን መስማት ልማዱ ነው። ስለዚህ እሷም የእሱ ናት፤ ከቦታዋ አትነሳ። ከሷ በላይ ያለው ግድግዳም አይቀባ። ረቡዕ ዕለት ስልኩ ላይ ፎቶ አንስቶ አሳየኝ፤ «አባዬ፣ እንጨቱ እንዴት እንዳማረ እይ» አለኝ። ማሩ ወደ ቡና ሄዷል። ከማሞቂያዋ ራስ ተነስቶ እስከ ጣሪያው ጥላ እንደጣለ ዛፍ ወጥቷል። ደስ አለኝ። እርጅና እንዲህ ነው፣ ቢታገሡት ይዋባል፣ ብዬ...

ቆይ።

አትጻፍ። አይ፣ ጻፍ። ሁሉንም ጻፍ ብያለሁ።

ግድግዳው ማር ለመሆን ሃምሳ ዓመት ነው የፈጀበት። ቡና የሆነው ዮናታን ከገባ ወዲህ ነው። በሦስት ሳምንት።

ሩሐማ፣ ያ ጎጆ አሁንም የጭስ መውጫው ውስጥ ነው?

(ወይዘሮ ሩሐማ፦ «አንተ አይደለህ ተዉት ያልከው? ነው እንጂ። ዋት? አባዬ፣ ምን ሆንክ?»)

እርጅና በሦስት ሳምንት አይመጣም። ጥላሸት ነው። ጭሱ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ እየተመለሰ ነው። ከሰል ነው ልጄ፤ ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ እንደተኛ ሰው ነው። የዚህኛው መርዝ ደግሞ አይሸትም። ራሱን ያመመው ለዚህ ነው። ያስመለሰው ለዚህ ነው። ከማል! ተነስ! ሩሐማ፣ ሩጪ፣ በሩን ክፈቱት!

(አቶ ከማልና ወይዘሮ ሩሐማ ወጡ። ወይዘሮ ማንአልሞሽ ለድንገተኛ እርዳታ ስልክ እየደወሉ ነው። ተናዛዡ ሊነሱ ሞክረው ስላቃታቸው ጀርባቸውን ደግፌ በመስኮቱ እንዲያዩ አደረግሁ፤ የምጽፈውም በአንድ እጄ ነው። ወይዘሮ ሩሐማ በሩን ያንኳኳሉ። አይከፈትም። እየጮኹ ያንኳኳሉ።)

(አቶ ከማል ከውጭ፦ «ከውስጥ ተቆልፏል ጋሼ! አይበገርም!»)

መቆለፊያውን እኔ ነኝ ያጠበቅሁት። መስታወቱን ስበረው በለው! በለው እንጂ ዓምደ ሚካኤል፣ እኔ ድምፅ የለኝም!

(በመስኮቱ ጮኼ ነገርኋቸው። አቶ ከማል «የቱን?» አሉ።)

ትልቁን! የፊተኛውን! ፈጠን በል!

(መስታወቱ ተሰበረ። አቶ ከማል በስብርባሪው መካከል ገቡ።)

ጻፍ። ሌላ የምሠራው የለኝም፤ ጻፍ። ልጄ ካልተነሣ ይህ ወረቀት ይቀደድ። ቤቱም ለፈለገ ይሁን። ከተነሣ ግን፣ በጓሮ ቆሞ የበሰበሰ እንጨት ሲያንኳኳ እያየሁት የኖርሁት ዘመን ከዕድሜዬ ሁሉ የተሻለው እንደነበር ይነገረው። ለእሱ አልነገርሁትም። እንጨቱን ነበር የማመሰግነው። እሱን እወደዋለሁ። ሩሐማንም እወዳታለሁ፤ ስማ፣ እኔን እየጠራች ትመስላለች... የእሱን ስም ነው የምትጠራው።

(አቶ ከማል በሩን ከውስጥ ከፍተው፣ ከወይዘሮ ሩሐማ ጋር ሆነው ዮናታንን ጎትተው ሣሩ ላይ አወጡት። አይንቀሳቀስም። አምቡላንሱ ደረሰ። ባለሙያዎቹ በቃሬዛ አድርገው በመስኮታችን ፊት አሳለፉት፤ ፊቱ በኦክስጅን ጭምብል ተሸፍኗል።)

(ወይዘሮ ማንአልሞሽ፦ «እጁ! እጁ ተንቀሳቀሰ፣ በሚካኤል! አዩ?»)

አየሁ። አየሁ።

(ተናዛዡ ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ከተረጋጉ በኋላ ብዕር አቀረብሁላቸውና እንዲፈርሙ ለመንኋቸው። «በዚያ በር ሲገባ ካላየሁ አልፈርምም ብያለሁ፤ ከላይ ተጽፏል» አሉኝ። ስለ መጻሕፍታቸው ጠየቅኋቸው፤ «ቆይ፣ እሱ ይምጣ» አሉ።)

የጸሐፊውና የምስክሮች ቃል። ከላይ የተጻፈው አቶ ሀይለየሱስ ተድላ በሙሉ አእምሮ የተናገሩት፣ እኛም በጆሯችን የሰማነውና በዓይናችን ያየነው ነው። አቶ ሀይለየሱስ እሑድ ኅዳር ፲፬ ቀን ጎሕ ሲቀድ አርፈዋል። አልፈረሙም።

ዓምደ ሚካኤል፣ ጸሐፊ (ፊርማ)
ማንአልሞሽ፣ ምስክር (ፊርማ)
ከማል፣ ምስክር (ቀኝ እጃቸው በመስታወት ስለ ቆሰለ በግራ እጃቸው የፈረሙት)

የወራሾች ቃል። እኔ ዮናታን ሀይለየሱስ ከሐኪም ቤት ወጥቼ በዚያ በር የገባሁት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አልጋው ተነጥፎ ነበር። ይህን ወረቀት ዓምደ ሚካኤል ሲያነብልን እኔና እኅቴ በአንድ ክፍል ተቀምጠን ሰማን። ፊርማ የሌለው ኑዛዜ በሕግ እንደማይጸና ነገሩን። አባታችንም ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ጸንቷል። ማሞቂያዋን ነቅለናል፤ የጣሪያውን መተንፈሻ ከፍተናል። የግድግዳውን ጥላሸት አላጠብነውም። ትናንት ሩሐማ መጥታ አንኳኳች፤ የቁም ሳጥኑን በር አይታ ሄደች። የፊተኛው መስኮት እስካሁን በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው፤ ንፋስ ያስገባል።

ዮናታን ሀይለየሱስ (ፊርማ)
ሩሐማ ሀይለየሱስ (ፊርማ)

የተናዛዡ ፊርማ፦