አፉ በለኝ ሳልለው

እሑድ፣ ሰኔ 3 ቀን 1948 ዓ.ም.

የሱቅ ጎረቤቴ ዐሊ ነገ በማኪና ወደ ምጽዋ ይወርዳል፤ ከዚያ በመርከብ ለሐጅ። እንደ ደንባችን ሊሰናበተኝ መጥቶ፣ «አያ ሰይድ፣ ያስቀየምሁህ ካለ አፉ በለኝ» አለ። «አፉ ብያለሁ» አልሁት፤ ግን ቀናሁበት። ስንት ዘመን በተመኘሁት ካዕባ ይኼ ትናንት ሱቅ የከፈተ ልጅ ይቅደመኝ?

አምና በቅሎዎቹ በበሽታ ሲያልቁበት፣ «የአላህ ውሳኔ ነው፤ ወደህ ተቀበል» ያልሁት እኔ ነበርሁ። የሱን መከራ ከአላህ ነው ብዬ መቀበል መቼ ከበደኝ! ደስታውን ነው ያቃተኝ።

እኔም በተራዬ አፉ በለኝ ማለት ነበረብኝ። «ምን አድርገኸኝ?» ቢለኝስ? ሳልለው እስከ በር ሸኘሁት። ማኪናው ጎህ ሲቀድ ይነሳል።