ከግንቡ የመጣው ፖስትካርድ

ሲያትል፣ ኅዳር 1988

ልጄ ገንዘብ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አምላክ በጀርመን አገር ከክፉ ሰው ይሰውርሽ፣ ትምህርቱንም ይግለጽልሽ። እዚህ ዝናቡ አላቆመም። የቼሪ መንገድ ጎረቤቶቻችንም የልቅሶ ምግብ ማመላለሱን ተዉት።

በስልክ ስታለቅሺ ያልነገርኩሽን አሁን ልጻፍልሽ። አባትሽ ሆስፒታል በገባ ዕለት ደውዬ «ቶሎ ነይ» ስልሽ፣ «ትኬቱ ተገዝቷል፣ የሩማንያውን ግንብ አይቼ እመጣለሁ» አልሽኝ። እሱ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር «ገንዘብ ናት?» ይለኝ ነበር። «ፈተና ላይ ናት» አልኩት። አምኖኝ ሞተ።

በሰልስቱ ቤቱ በለቀስተኛ እንደተሞላ ፖስትካርድሽ ደረሰ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለጎረቤታችን ልጅ ለመሲ ሰጠኋትና «ጮክ ብለሽ አንብቢልን፣ ልጄ ለአባቷ ያለችውን ሰው ይስማ» አልኳት። ጀመረችና አንገቷን ደፋች። «ንገሪን እንጂ!» ሲሏት፣ «የዚህ ግንብ ጌታ ሞቶም ማታ ማታ ከመቃብሩ እየተነሳ የሰው ደም ይመጥጣል ይላሉ። አባዬ፣ እኔ ግን አልፈራሁም» ብላ ተረጎመችው። አጎትሽ አክሊሉ ካርዱን ከእጇ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። እኔ በእፍረት አለቀስኩ፤ ሰዎቹ ግን ለአባትሽ መስሏቸው አጽናኑኝ።

ተቀይሜሻለሁ፣ አልዋሽሽም።

ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ በታክሲው እየተቀበለ የሚያመጣሽ አባትሽ ነበር። ታክሲው ተሸጧል፣ እኔም መንዳት አላውቅም። ስትመጪ አውቶቡስ ያዢ። ብቻ ነይ፣ ልጄ።

እመብርሃን በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ።

እናትሽ