ጥላችንን ስለለካው ገመድ

ለክቡር የአሶሳ የመንገድና የአጥር ሹም፤

ጤናዎ እንደ ክረምት ሣር ይለምልም፤ ፀሐይ አይንካዎ፣ ፀሐይ የነካው ሰውም በደጅዎ አይለፍ። ይህ ደብዳቤ በገበያ መካከል ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንዲነበብ የፈለግሁት፣ ቸርነትዎ በግቢዎ ታጥሮ እንዳይቀር ብዬ ነው። የአፍ መፍቻዬ በርታ ስለሆነ አማርኛውን ያቃናልኝ ጎረቤቴ ዳኜ ነው፤ እንግዲህ ትሕትናው የእርሱ፣ የቀረው የእኔ ነው።

ባለቤቴ ብኸይታ ደረቷን ታማለች። ጎጆ ውስጥ ትታፈናለች፣ ውጭ ፀሐዩ ይጥላታል። ስለዚህ ከደጃፋችን ራኩባ፣ ማለትም ግድግዳ የሌለው የሣር ጥላ፣ ላቆምላት አሰብሁ። እርስዎም «በቤቱ ላይ አንዳች የሚጨምር አስቀድሞ ያስፈቅድ» ብለው ስላወጁ አመሰግናለሁ፤ በስተርጅና ደጅ መጥናት ተማርሁ። ቅሬታ አይበሉትና ጥቂት ነገር ላሳስብዎ።

፩ኛ፤ ፈቃድ ብጠይቅ «ያላየነውን አንፈቅድም» ተባልሁ። እንዲታይ ብዬ ባቆመው ደግሞ «ያልተፈቀደ አቆምህ» ተባልሁ። ጥበብዎ ጥልቅ ነው፤ እኔ ግን ዋና አልችልም።

፪ኛ፤ ለራኩባ ቋሚ የሚሆን ቀርከሃ ተቆርጦ ጅረት ውስጥ ካልሰነበተ ነቀዝ ይበላዋል። የእኔም ውሃ ውስጥ ተኝቶ ፈቃድዎን ሲጠብቅ ከረመ፤ ከሁለታችን የተመቸው እርሱ ነበር።

፫ኛ፤ ዋናው ይህ ነው። ራኩባውን እንዲለኩ የላኳቸው ሰው ደገኛ ናቸውና፣ ሙቀቱ ስለማይስማማቸው ከቤት የሚወጡት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በዚያ ሰዓት እንኳን ራኩባ፣ የዶሮዬም ጥላ ግመል ያህላል። እርሳቸው ግን ቋሚዎቹን ትተው መሬት ላይ የተጋደመውን ጥላ በገመድ ለኩና «መንገድ ገብቷል፣ ይፍረስ!» አሉ። ጎንበስ ብዬ «ጌታዬ፣ በማለዳ ቢመጡ ኖሮ ደግሞ በወዲያ በኩል የጎረቤቴን የኑራን የማሽላ ማሳ ወርሬ ባገኙኝ ነበር» ብላቸው፣ ያንንም ጥፋት አድርገው ያዙብኝ። ይሄኔ ብኸይታ ከተኛችበት «አንተ ሽማግሌ፣ ምላስህንም ሳይለኩት ዝም በል!» አለችኝ። ይህን ያህል ነገር በአንድ ትንፋሽ ከተናገረች ቆይታ ነበርና ስድቡ ሆዴን አባባው። ከራኩባው ሥር መዋል ከጀመረች ወዲህ ነው ትንፋሿ የተመለሰው።

እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኛል። የበቅሎ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ፤ ነፋስ ሣሩን ሲነካው አፍራሾች የመጡ ይመስለኛል። ትንፋሿን አዳምጬ መንገዱን አያለሁ፣ መንገዱን አይቼ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። የልጅ ልጆቼ «አያታችን ቁንጫ ገባበት» ይሉኛል።

ልመናዬ አንዲት ናት፤ ከማፍረስዎ በፊት እርስዎ ራስዎ በቀትር መጥተው ይለኩት። በቀትር ጥላው ከባለቤቴ አልጋ አያልፍም።

እርስዎ በሰፊው አዳራሽዎ ጥላ፣ እኔ በተከሰስሁበት ጥላ ሥር እንዳለን ፈጣሪ ለሁለታችንም ዕድሜ ይስጠን። ደጅዎን በመጥናት ደጅዎን ያለሰለሰው፣

ሙርሳል ዐወድ

ተጨማሪ፤ ይህን ስንጨርስ ሊያፈርሱ የላኳቸው ሁለት ወታደሮች በጠራራ ፀሐይ ደረሱ። «ላባችን ይድረቅ» ብለው ከራኩባው ሥር ተጋድመዋል፤ ብኸይታም ውሃ አስቀድታላቸዋለች። አንደኛው ረጅም ነውና እግሩ ፀሐይ ላይ ቀርቶ፣ «አባቴ፣ በዚህ በኩል ትንሽ ቢጨመርበትስ?» ይለኛል። የዚህን ፈቃድ እኔ ልጠይቅ ወይስ እርሱ?