ቀለም ስለተቀባው የውድነሽ ዚር

ቀን፦ መስከረም 8

ለጓንግ ማዶ ከተማ ምክር ቤት
ጓንግ ማዶ

ለተከበሩ አፈ ጉባኤ ለአቶ እንዳለው እና ለተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት በሙሉ፤

አዲሱ ዓመት እንዴት ገባላችሁ? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ የሰሊጡ ማሳ፣ በክረምቱ ሲያፈስ የከረመው የአዳራሻችሁ ጣሪያ፣ ሁሉም ደህና ነው ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የደከመው ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ስመላለስ ስለሆነ እንደ መንግሥት ሥራ ቆጥሬዋለሁና በእርሱ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ጎልምሼ ሳለሁ ነውና መስመሩ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ፤ ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከጽሕፈት ቤታችሁ በር ላይ ወደሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ያልሄድሁት «በትሕትና እለምናለሁ» የሚለውን ያበዙብኛል ብዬ ሰግቼ ነው። እኔ በትሕትና የምለምነውን ለምኜ ጨርሻለሁ።

አዲስ የገባችሁ አባላት ካላችሁ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከትልቁ የኩመር ዛፍ ሥር ሁለት ዚሮች ነበሩ። ዚር ማለት ይህ ቆላ ስሙን ከሱዳን ወገን የተዋሰው ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። በእንጨት መቆሚያ ላይ ይቀመጣል፤ ላቡ በሆዱ እየወረደ ውስጡ ያለውን ውሃ ያቀዘቅዘዋል። በዚህ አገር መንገደኛ ከዚር ለመጠጣት የባለቤቱን ስም አይጠይቅም። ክዳኑን ያነሣል፣ ቀድቶ ይጠጣል፣ ክዳኑን መልሶ መንገዱን ይሄዳል።

እነዚያን ዚሮች ያስቀመጠቻቸው ባለቤቴ ውድነሽ ናት። መጀመሪያ ከበለሳ ወደዚህ ስንወርድ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በጭነት መኪና ላይ ስትንገላታ ውላ ዓይኗ ሲፈዝ፣ መንገድ ዳር ከነበረ ከማናውቀው ሰው ዚር ጠጥታ ነፍሷ መለስ አለች። እኛ ገና ቤት ሳንሠራ፣ መዝጊያ የሌለው ዳስ ውስጥ እያለን፣ ዚር አስቀምጣለሁ ብላ ተነሣች። መጀመሪያ ለራሳችን ጣራ አይሻልም ወይ ብላት፣ «እኛማ ጥላ አለን፤ የሚነደው መንገድ ላይ ያለው ነው» አለችኝ። ልትሞት ስትልም ስለ እርሻው ስለ ቤቱ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ «ዚሩን እንዳታደርቀው» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከጉድጓዱ በአህያ እያመጣሁ የምሞላቸው እኔ ነኝ፤ ለዚህም ከምክር ቤቱ በጀት ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ። ባለፈው ሰኔ ባደረጋችሁት መደበኛ ስብሰባ፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች በሚለው አጀንዳ ሥር፣ ዋናው መንገድ እንዲያምር በዳርና ዳር የሚገኝ ነገር ሁሉ ነጭና ሰማያዊ ቀለም እንዲቀባ በሙሉ ድምፅ ስለወሰናችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ድንጋዩ ተቀባ። የዛፉ ግንድ ተቀባ። የመብራት ምሰሶው ተቀባ። ከኩመሩ ሥር ሻይ የምትሸጠው የሩፊዳ አግዳሚ ወንበር፣ ሰው ተቀምጦበት ስለነበር፣ ግማሹ ተቀባ። የውድነሽ ዚሮችም ከአንገታቸው እስከ ግርጌያቸው በዘይት ቀለም ተቀብተው፣ የንብረት ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ሆዳቸው ላይ «ውብ ከተማ ለሁላችን» ተብሎ ተጻፈባቸው። አህያዬ የተረፈችው ስለምትንቀሳቀስ ይመስለኛል። እኔ በዚያን ቀን ለክርስትና ሸሕዲ ከተማ ሄጄ ነበር። በሌለሁበት የተደረገልኝ ነገር ነውና ውለታው ይበልጥ ይከብደኛል።

ሁለተኛ። የተቀባ ዚር አያልበውም፤ የማያልበው ዚር ደግሞ ውሃ ማቀዝቀዙን ትቶ ያሞቃል። ይህን ለእናንተ መንገር ያሳፍረኛል፤ ከመካከላችሁ ከዚር ሳይጠጣ ያደገ አንድም ሰው የለምና። እንግዲያው እንዴት ሆኖ ተወሰነ ብዬ በየቤታችሁ እየዞርሁ ጠየቅሁ፤ ሁላችሁም በክብር ስለተቀበላችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አፈ ጉባኤው የጤናው ክፍል አጥንቶት የመጣ መስሏቸው ነበር። የጤናው ክፍል ተወካይ ወይዘሮ ሠላማዊት ደግሞ አፈ ጉባኤው አስበውበት የመጡ መስሏቸው ነበር። የገበሬዎቹ ተወካይ ውባንተ ግን ጎረቤቴ ነውና አልሸሸገኝም። «አባ ሰማኸኝ፣ ስብሰባው ረዘመ፣ አዳራሹ እንደ ምድጃ ጋለ፣ የሁላችንም ሐሳብ ወጥተን ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት ላይ ነበር። እጅ ይውጣ ሲሉን ቶሎ ይለቅ ብዬ አወጣሁ» አለኝ። ወጥታችሁስ ከየት ጠጣችሁ ብዬ ብጠይቀው፣ «ከውድነሽ ዚር» አለኝ። እኔም አመስግኜው ወደ ቤቴ ሄድሁ። የምክር ቤት አባል በቀለሙ ማግስት ሳይሆን በዋዜማው ከዚሩ መጠጣቱ ለጤናው መልካም ነው።

ሦስተኛ። ቀለሙ ይነሣልኝ ብዬ ባመለከትሁ ጊዜ፣ ለማንሣት ውሳኔ እንደሚያስፈልግ፣ ለመፋቅ ግን ውሳኔ እንደማያስፈልግ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በቃል ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ሁለቱ እንዴት እንደሚለያዩ እስካሁን አልገባኝም፤ ነገር ግን የተማረ ሰው ያለውን ሰምቼ በጠርሙስ ስባሪና በአሸዋ መፋቅ ጀመርሁ። የዘይት ቀለም ሸክላ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ከሸክላው ጋር አንድ ይሆናል እንጂ አይላቀቅም። አሮጌው ዚር ሆዱ ሳስቶ ነበርና፣ ስፍቅ ውዬ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በእጄ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ያ ዚር ውድነሽ ዳሱ ውስጥ እያለን የገዛችው ነበር። ይህንን በአጀንዳ አላስይዝም።

አራተኛ። እንግዲህ ቀለሙ የምክር ቤቱ ይሁን፣ ዚሩን እኔ ልተካ ብዬ ሸሕዲ ካለችው ሸክላ ሠሪ ከካሰች ሁለት አዳዲስ ዚሮች አስመጥቼ ከኩመሩ ሥር አስቀመጥሁ። በማግስቱ የከተማው ደንብ አስከባሪ መጣና፣ ያልተቀባ ዕቃ የመንገዱን ውበት ስለሚያበላሽ ወይ ቀባው ወይ አንሣው አለኝ። እርሱ የታዘዘውን ነው፤ አልተቀየምሁትም፤ ዚሮቹን ተሸክሞ ቤቴ ድረስ አድርሶልኛል። ጽሕፈት ቤታችሁ ስመጣ፣ ጉባኤ የወሰነውን የሚያሻሽለው ጉባኤ ብቻ እንደሆነ፣ ቀጣዩ መደበኛ ጉባኤም በታኅሣሥ እንደሆነ፣ እስከዚያው ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እንደተቋቋመ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢም ለሥልጠና ጎንደር እንደወጡ በዝርዝርና በትዕግሥት ተነገረኝ። አስቸኳይ ስብሰባ አይጠራም ወይ ብል፣ አስቸኳይ የሚያሰኝ ነገር የለም ተባልሁ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ትቼ ጥቂት ልጻፍ፤ ይህን ከምስጋናዎቼ ጋር መደርደሩን እጄ እምቢ አለኝ።

ሰሊጥ ታኅሣሥን አይጠብቅም። ከአሁን ጀምሮ የሚደርሰው ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህም ነው ከደጋው ሠራተኛ በየመኪናው እየተጫነ በእኛ ከተማ የሚወርደው። እኛ ሳሉግ የምንላቸው እነዚህ የቀን ሠራተኞች፣ ባለሀብቱ መጥቶ እስኪወስዳቸው ድረስ ከኩመሩ ሥር ይውላሉ። ደገኛ ናቸው፤ ይህን ፀሐይ አያውቁትም። ታኅሣሥ ሲገባ ማሳው ባዶ ሆኖ እነርሱ በየአገራቸው ናቸው። ምክር ቤቱ በዚያን ጊዜ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ቢወያይ የሚጠጣው እርሱ ብቻ ነው።

አሁን ከኩመሩ ሥር የቀረው ያ ሁለተኛው የተቀባ ዚር ነው። እርሱንም ቢሆን ጠዋት ጠዋት እሞላዋለሁ፤ አታድርቀው ነው እንጂ ቢቀባ ተወው አልተባልሁምና። ከጎጃም የመጣ አንድ ጎልማሳ ከእርሱ ቀድቶ ቀመሰና ጣሳውን እያየ፣ «አባባ፣ ይህን ያስቀመጡት ለእግር መታጠቢያ ነው?» አለኝ። ሩፊዳም አላለፈችኝም። «አባ ሰማኸኝ፣ አላህ ይስጥዎት፣ ከሰል አተረፉልኝ። ከእርስዎ ዚር ቀድቼ ሻይ ቅጠል መጨመር ብቻ ነው የቀረኝ» ብላ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ አሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ባለፈው ሐሙስ በቀትር ግን አልሳቅንም። ከደብረ ታቦር ወገን የመጣ አንድ ሠራተኛ መኪና ሲጠብቅ ከዛፉ ጥላ ጫፍ ላይ ወደቀ። ጓደኛው እያለቀሰ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ጠጣ እያልሁት፣ ይህ ውሃ ከርሞ የተበላሸ ነው፣ ያመኛል ብሎ እምቢ አለኝ» ይላል። ሩፊዳ የሻይዋን ውሃ ሳትጥደው ራሱ ላይ አፈሰሰችለት፤ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ባለሙያዎቹ ደርሰውለት ማታ ዓይኑን ገለጠ። እኔ ዓርብ ጠዋት ጽሕፈት ቤታችሁ መጥቼ ይህ አስቸኳይ ይባል እንደሆነ ብጠይቅ፣ የወደቀው ሰው የከተማችን የነዋሪነት መታወቂያ ይኖረው እንደሆነ ተጠየቅሁ። እውነቱን ለመናገር በወደቀ ጊዜ መታወቂያውን አላየሁትም። ከንፈሩን ነው ያየሁት።

ስለዚህ የተከበረው ምክር ቤት ሳይሰማ እንዳያድር የሚከተለውን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የካሰችን ሁለት ዚሮች ሳልቀባቸው ከኩመሩ ሥር አስቀምጣለሁ። እኔም ከጎናቸው ወንበሬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ማታ አንሥቼ አልገባም፤ በማግስቱም፣ ሰሊጡ ታጭዶ እስኪያልቅም እዚያው ነኝ። ደንብ አስከባሪ ብትልኩ በደህና ይምጣ፤ ከጉዳዩ በፊት ውሃ ይጠጣል። ቅጣት ብትጽፉ በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ወረቀቱን ብቻ ዚሩ ላይ እንዳትለጥፉት አደራ፤ ሙጫውም ያፍነዋል። ዚሮቹን በኃይል ማስነሣት ካስፈለገ ደግሞ ሠራተኞቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ሳሉ፣ በቀትር፣ በሁሉም ፊት ቢሆን እመርጣለሁ፤ እናንተ ሁልጊዜ ሥራችን በግልጽ ይሠራል ትላላችሁና።

ይህን የማደርገው በድፍረት አይደለም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሚፈራው ነገር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም አንዱ ውድነሽ ናት። የምንገናኝበት ቀን ሩቅ አይመስለኝም። ገና ከመድረሴ የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ። እናንተን በሚገባ አክብሬ፣ ለእርሷ ግን ጉዳዩ በኮሚቴ እየተጠና ነው ብዬ መመለስ አልችልም።

ስብሰባችሁን ያሳጥርላችሁ፤ አዳራሻችሁን ነፋሻ ያድርግላችሁ፤ አጀንዳችሁ ላይ ልዩ ልዩ ጉዳይ አያብዛባችሁ። የሰኔው ውሳኔያችሁ በደረሰበት ሁሉ እናንተም ጥም ይዟችሁ እንድትደርሱ እየተመኘሁ፣

የከተማችሁ ታዛዥ ነዋሪ፣ ቀለም ያልደረሰበት፣

ሰማኸኝ ጣሰው

ግልባጭ፦
ለጓንግ ማዶ ሕዝብ በሙሉ፣ በኩመሩ ግንድ ላይ (ከተቀባው በላይ)
ለሩፊዳ ሻይ ቤት፣ ማንበብ ለማይችሉ ጮክ ብሎ እንዲነበብ
ጎንደር ለሥልጠና ላሉት ለኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሲመለሱ

በኋላ የታሰበ፦ የተቀባውን ዚር የንብረት ቁጥር ስለሰጣችሁት የእኔ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን ጽፌ ባደርሁ ማግስት፣ ዛሬ ጠዋት፣ በአህያ ጭኜ፣ ሞልቼ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በአዳራሻችሁ ደጃፍ ላይ አስቀምጬላችኋለሁ። በየጠዋቱ መሙላቱንም አላስተጓጉልም፤ ከኩመሩ ሥር ለሚውሉትም እስከ ቅዳሜ ውሃ በጀሪካን አደርሳለሁ። ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው እመቤት ግን ከእርሱ እንዳትጠጣ። እርሷ በውሳኔው ላይ ድምፅ አልነበራትም፤ የሚበቃትን ከካሰች ዚር በጀሪካን እልክላታለሁ።