በሩ ተዘግቶ ሳለ ስለተቆጠረብኝ ቅጣት

ለተከበሩ የገቢዎች ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣
ባሉበት።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በር ላይ የሚቀመጠው ጥበቃ ጭምር ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋዬ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከሁላችንም ቀድማችሁ በሰላም እንደወጣችሁ ሰምቼ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። እኔ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ዓሣ ጠብሼ የምሸጠው ኸሚስ ኑርዬ ነኝ። ግብር አዘግይቼ ስላሳወቅኩ የተጣለብኝን ቅጣት እስከ ሰኞ ሙሉውን ካልከፈልኩ ቤቴ እንደሚታሸግ የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። መልሴን በግልጽ የምጽፈው፣ እናንተም የጻፋችሁብኝ በግልጽ ስለሆነ ነው።

አንደኛ፣ ስላደረጋችሁልኝ ክብር አመሰግናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ስሜን በመንግሥት ወረቀት ላይ በገዛ ዓይኔ ማንበብ ምኞቴ ነበር። በገበያ ቀን በራችሁ ላይ በለጠፋችሁት «በወቅቱ ያላሳወቁ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ አነበብኩት። ከኋላዬ የቆሙትም አነበቡት። የጎረቤቴ ልጅ ኢልሀም «እማማ፣ ይቺ ኸሚስ አንቱ ነዎት እንዴ?» ብትለኝ፣ አይደለሁም አልኳት። በስተርጅና ስሜን ካድኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቆጠራችሁ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። የማሳወቂያው ጊዜ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ተራዝሞ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ወረቀቴን በፌስታል ይዤ፣ ቅጹን እዚያው ራሴ ልሞላ ብመጣ በሩ በሰንሰለት ታስሮ፣ ጥበቃውም ጠፍቶ አገኘሁ። ለግብር ሲሆን ቤቴን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያገኙት ሠራተኞችዎ፣ የሸሹ ለታ ግን «እማማ፣ ውጪ» ሳይሉኝ ደጄን አልፈው ሄዱ። አልተቀየምኩም፤ ነፍስ ለሁሉም ትጣፍጣለች። እኔም በእግሬ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ዘመድ ጋ ተሻገርኩ። ስመለስ ድስቶቼ የሉም፤ መደርደሪያዬ ተማግዷል። ከእናንተም ወንበሩ፣ ጠረጴዛውና መዝገቡ ተዘርፏል ተባለ። የእኔ ቅጣት ብቻ በአላህ ጥበቃ ተርፎ፣ ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ ለብቻው ሲያድግ ከርሟል።

ሦስተኛ፣ ቢሮው ዝግ ስለመሆኑ ማስረጃ እንዳመጣ ሠራተኛዎ አቶ በዕውቀቱ በትሕትና ጠይቀውኛል። ከማን ላምጣ ብላቸው፣ ከቢሮው አሉኝ። ቢሮውን ስጠይቅ ደግሞ በዚያ ጊዜ ሰው ስላልነበረ የሚመሰክር የለም ተባልኩ።

አራተኛው የእኔ ነው፤ ምስጋናም የለበትም። በጥር አጋማሽ በሩ ሲከፈት ሰምቻለሁ፤ የመጣሁት ግን መጋቢት ሊያልቅ ሲል ነው። ምክንያቱን ለአቶ በዕውቀቱ አልነገርኳቸውም፤ አሁን ለሁሉም እናገራለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ቅጼን የሞላልኝ፣ አውራ ጣቴን ይዞ ቀለም ላይ የሚያስረግጠኝ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ፈንታሁን ነበር። ፊደል የለየሁ ጊዜ በሰው ፊት «ፈንቴ፣ ከእንግዲህ ጣቷን የምትይዝላት ሌላ ሴት ፈልግ» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም ስቆ «በርቺ እማማ፤ ቅጹ ግን ፊደል ብቻ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነበር። «ተቀናሽ ወጪ» የሚለውን አነበዋለሁ እንጂ ምን እንደሚጻፍበት አላውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት እሱ እስከሚቀመጥበት ዛፍ እየሄድኩ ተመለስኩ። በመጨረሻ ስቀርብ በአንዲት ቃል እንኳ አልወቀሰኝም፤ ሞላልኝና ዋጋም አልቀበልም አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ምሕረት አልለምንም። ከጥር አጋማሽ ወዲህ ያለው የእኔ ኩራት ነው፤ አሁን በውሰት መጥበሻ ብሠራም የእሱን ቅጣት እከፍላለሁ። ከዚያ በፊት ያለው ግን የእናንተ ሰንሰለት ነው፤ እሱን ከእኔ ኪስ አትፈልጉት። ሁለቱ ሳይለዩ ቤቴ ከታሸገ፣ እከፍላለሁ ያልኩትንም የምከፍልበት የለኝም።

በድካምዎ ላይ ድካም ስለጨመርኩ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ወገቤ እስከቻለ ድረስ አጎንብሼ እጅ እነሣለሁ።

ዘግይታም ቢሆን ያፈረች ግብር ከፋይዎ፣
ኸሚስ ኑርዬ
ሚያዝያ 2014 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ሰኞ ሊያሽጉ የሚመጡት ልጆች አንዳች ነገር ገጥሟቸው ቢዘገዩ አይሥጉ። እኔ የሰው ምክንያት ሳልሰማ አልቀጣም።