የገብረ ጉንዳን ሙሽራ

ቡታጅራ፣ ሰኞ ሚያዝያ 9። ጥዋት 1 ሰዓት።
ደብተሬ፣ ዛሬም ነፍሳት በመርፌ ስሰካ ረፈደብኝ። ኮሌጅ ሳለሁ ያስተማሩኝ መምህር የጠየቁኝ ሣጥን ሊሞላ ነው፤ ሐሙስ በአውቶቡስ ይላካል። አንዱ ቡናማ፣ ክንፋም፣ አውራ ጣት የሚያህል ነው። «ተርብ» ብዬ ጻፍኩበት። መናደፊያ ግን የለውም። ደስ አላለኝም። ት/ቤት ተደወለ!

ማክሰኞ 10።
ጉድ! ሲነጋ ገብረ ጉንዳን ግቢውን ወረረው። አከራዬ ሐጂ ሸምሱ በሬን ደበደቡ፤ በባዶ እግሬ ወጣሁ። እኔ ዶሮዎቹን፣ እሳቸው ጥጃውን አስመለጥን። ሜዳ ላይ ቁጭ። ሐጂ ይስቃሉ፤ ለአይጥና ለትኋን ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም ይላሉ። እውነትም ጠርገውልን ሄዱ። እግሬ ግን አበጠ።
አንዱን ወታደር በአጉሊ መነጽር አየሁት። ጭንቅላቱ ግዙፍ፤ ዓይን ግን ጭራሽ የለውም! መጽሐፉ ወገኑን ዶሪለስ ይለዋል።

ረቡዕ 11። ከት/ቤት በፊት።
ሰልፉ በጓሮ በኩል ይተማል። መሐል ላይ የዚያ የ«ተርብ» ዓይነት ሌላ አንድ፣ በሕይወቱ! አለቀለት አልኩ። አልበሉትም። ክንፉን ነቅለው፣ እየጎተቱ ጉድጓዳቸው አስገቡት።
ሐጂን ጠራኋቸው። «ልጄ፣ ተርብ አይደለም፤ ሙሽራቸው ነው። ለንግሥታቸው ነው የሚወስዱት።»
እንዴት አወቁ? አልኳቸው።
«ዕድሜ ልኬን ከነሱ ጋር ስጣላ!»
ሮጬ ገባሁ። ሣጥን ውስጥ የሰካሁትን «ተርብ» ወገብ ከወታደሩ ወገብ ጋር አስተያየሁ። ሁለቱም ላይ አንድ ጉብታ! ያ ዓይነ ስውር፣ ይኼ ዓይኑ የፈጠጠ፤ ግን የአንድ ቤት ልጆች። ብቻዬን ጨፈርኩ። ወረቀቱን ቀድጄ «ዶሪለስ፣ ወንድ። የለዩት፦ ሐጂ ሸምሱ» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ 12።
ሣጥኑ ሄደ። ለ7ኛ ክፍል፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆሜ፣ ነገሩን ሁሉ አወራሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፋጡማ እጇን አወጣች፤ ንግሥቲቱስ ምን ትመስላለች? አላውቅም አልኩ። ማታ ሐጂን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም አይተዋት አያውቁም!

ቅዳሜ 14። ጥዋት።
ተወሰነ፤ ንግሥቲቱን ለማየት ጉድጓዳቸውን እንቆፍራለን። ሐጂ ሱሪያቸውን አዋሱኝ፤ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ከትቻለሁ። ሴት መምህርት በሱሪ! ባለቤታቸው በሳቅ ሊሞቱ ነው። ዶማው ተነሣ። እየጠሩኝ ነው። መጣሁ፣ መጣሁ፤ ደብተሬ፣ አንዱ ከወዲሁ ጉልበቴ ላይ—